ጣራ የሌለው ደብር

ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ነው። ከፍታና ቅድስና በአንድ ስም የሚጠሩት በከንቱ አይደለም። ከዲላ ተነሥቼ በወናጎ በኩል ወደ ቱቱ ፈላ ስወጣ ይኸው ቃል ትዝ አለኝ።

መንገዱ ሰው አይጠፋበትም። ቤት ከቤት፣ ጓሮ ከጓሮ ተጠጋግቷል፤ ከትልልቁ ዛፍ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው። የይርጋ ጨፌና የዱመርሶ ቡናም የዚሁ ጥላ ልጅ ነው። ከዚህ ሁሉ ግፊያ በላይ፣ በጉብታው ላይ፣ ትክል ድንጋዮቹ ዝም ብለው ቆመዋል። ከሥራቸው መቃብር ተገኝቷል፤ አንዳንዶቹም የሰው ፊት ተቀርጾባቸዋል።

የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች የ1000 ዓመት ዕድሜ ብቻ ይሰጣቸው ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን የሳካሮ ሶዶዎቹን ወደ አንደኛው ምእት ዓመት፣ የአክሱም ስም ገና መሰማት ወደጀመረበት ዘመን መልሷቸዋል።

ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ደስ ያሰኛል። ይሁንና ድንጋዩንም ደኑንም እስከዚያች ቀን ያቆየው መዝገብ ሳይሆን የሽማግሌ ቃል ነው፤ ከቅዱሱ ደን ዛፍ አይቈረጥም የሚለው ቃል።

የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል በሚያንስበት አገር ይህን ቃል መጠበቅ ቀላል እንዳይመስልዎ፣ ውድ አንባቢ። አንድ ግንድ ለወጣቱ ደብተርና ጫማ ነው፤ ለሽማግሌው ግን ክልክል ነው። ከጎብኚው ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ምሳሩን ላላነሣው ገበሬ ካልደረሰ፣ የዓለም ቅርስ ያልነውን የምናስጠብቀው በድሀ ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ እንደ ድንጋይ ሁለት ሺሕ ዓመት አይቆምም።