«አልተገኘም»

በሶዶ ከተማ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር የምንኖር ጎረቤታሞች ዕድር አለን። የአባላቱ ስም ለዓመታት በአንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ ተጽፎ ኖሯል። «ወደ ኮምፒውተር ይግባ» ያልሁት እኔ ነኝ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ገና እየጀመርሁ ነበርና የተማርሁትን በሥራ ለማየት ቸኩያለሁ። ስሞቹን እንዳሉ ገልብጬ ኤስኪውላይት በተባለ የመረጃ ቋት አስገባሁ፤ ስም ሲጻፍለት የአባሉን ሒሳብ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራምም ሠራሁ። ተጨበጨበልኝ።

ከሦስት ወር በኋላ አንዲት እናት አረፉ። ልጃቸው ድንኳኑና የቀብር ገንዘቡ እንዲሰጠው ማለዳ መጣ። ገንዘብ ያዣችን ስማቸውን ጻፉ። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለ። ደግመው ጻፉ፤ «አልተገኘም»። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ኮፍያውን በእጁ እያገላበጠ መሬት መሬቱን አየ። እናቱ አንድም ወር ሳይዘሉ ሲከፍሉ እንደኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። ሰብሳቢያችን ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይኸ ዕቃህ የሞተ ሰውም ይክዳል እንዴ?» አሉኝ። ድንኳኑ በአሮጌው መዝገብ ምስክርነት ወጣ።

ከቀብር መልስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መረጃው ጠፍቶ ይሆን? በስም ፈንታ በአባልነት ቁጥራቸው ጠየቅሁ፤ ወዲያው ወጡ። እንግዲያው ሴትዮዋ አሉ፤ የተበላሸው አጠያየቄ ነው። ከስሙ በስተኋላ ክፍት ቦታ ገብቶ ይሆን? ፊደላቱን ቆጠርሁ፤ እኩል ናቸው። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ፊደል መለያ ቁጥር እንዲያወጣልኝ ፓይተንን አዘዝሁት። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠ። በመዝገቡ ስማቸው የሚጀምረው በ«ፀ» ነው፤ ገንዘብ ያዡ የጻፉት በ«ጸ»።

ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ መዝገብ «ጸ» 4920፣ «ፀ» 4928 ነው፤ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624። ለጆሮ አንድ የሆኑት ለኮምፒውተር እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። የእኩል ምልክት ቁጥር ያመዛዝናል እንጂ ድምፅ አይሰማም። ባዶ መልስም በእርሱ ዘንድ ስሕተት አይደለም። ጀማሪን የሚያታልለው ይኸ ነው፤ ፕሮግራም ሲሰበር ሁሉ ያየዋል፣ በጸጥታ ባዶ ሲመልስ ግን ሰው ያምነዋል።

በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ሄጄ ለልጁ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር። በመዝገቡ ላይ ስሟን የጻፍሁላት እኔ ነኝ፤ ያኔ ተማሪ ነበርሁ» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም።

ስለዚህ ስሙን አልነካሁትም፤ ልጁ እንደ ጻፈው ይኑር። በአጠገቡ ሌላ ዓምድ ጨመርሁና በዚያ ብቻ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ»፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ መለስኋቸው። የሚጠየቀውም ስም በዚያው ወንፊት ያልፋል። ይኸም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። የዞናችንን ስም እንኳ አንዱ «ወላይታ»፣ ሌላው «ዎላይታ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለቱም ትክክል ነን ይላሉ። እንዲህ ላለው ፕሮግራሙ የሚቀራረቡትን ስሞች ደርድሮ ምርጫውን ለሰው እንዲተው አደረግሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን አንዲት ቃል ነበረች። «አልተገኘም» የምትለውን ሰረዝሁና በምትኳ፣ «በዚህ አጻጻፍ አላገኘሁም፤ እባክዎ የአባልነት ቁጥሩን ይሞክሩ፤ አሮጌውንም መዝገብ ይመልከቱ» የሚል አስገባሁ። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። ባሕር መዝገቡን ግን ከጠረጴዛው ላይ አላነሡትም፤ እኔም አላነሣሁትም።