አዲስ አካውንት፣ የድሮ ዕዳ

ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አንዱ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አይወጣም፦ ቶሎ ቶሎ ሁለት ጎል የገባበት ልጅ «እንደ አዲስ እንጀምር» ይላል። ተጋጣሚው እሺ ካለ ዜሮ ለዜሮ ነው። በስልክ የሚጫወቱት ፐብጂም እንደዚያው ነው። እስከ 100 ተጫዋች ባዶ እጁን ከአውሮፕላን ይዘላል፤ ባለፈው ዙር መጀመሪያ የሞተውም ያሸነፈውም እኩል ናቸው።

ልጆቹን መገሠጽ ይቀናናል። እኔ ግን ጥማታቸው መጥፎ አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ውጤቱን እየጠየቀው የሚኖር ልጅ፣ የትናንቱን ማንም የማያነሳበት ቦታ ቢወድ ምን ይገርማል?

እኛም እኮ የምንሰብከው አዲስ ጅማሬ ነው። ጥያቄው፣ ያው ነው ወይ? በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ያለ አንድ ወንድም (እንድጽፈው ፈቅዶልኛል) ይህን በግልጽ ጠየቀ። በሥራ ቦታው የዕቁብ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፤ በውርርድ ጨረሰው። ሲም ካርዱን ጣለ፣ ቴሌግራሙን አጠፋ፣ በሌላ ስም አዲስ ከፈተ። ከዚያ ጌታን አገኘ። «2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17 አሮጌው አልፏል ካለ፣ እነዚያን ሰዎች መፈለግ አለብኝ?» አለን።

ቴሌግራም ራሱ ግማሹን ይመልሳል። አካውንትህን ስታጠፋ በሌላው ሰው ስልክ ላይ ስምህ ይጠፋል እንጂ የላክኸው መልእክት እዚያው ይቀራል። «ሰኞ እሰጥሻለሁ» ያልካት ሴት ዛሬም ታነበዋለች።

ሌላውን ግማሽ ያገኘነው 25 ቁጥር ብቻ ባላት የፊልሞና መልእክት ነው። አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ርቆ ሳለ፣ በእስር ካለው ከጳውሎስ ዘንድ አመነ። ማንም በማያውቀው ከተማ ሌላ ስም ይዞ መኖር በቻለ ነበር። ጳውሎስ ግን በዚያው ስሙ መልሶ ላከው። ብቻውን ግን አልላከውም፤ ቆላስይስ 4 ላይ ቲኪቆስ አብሮት አለ። ባዶ እጁንም አልሄደም፤ ዕዳ ካለበት እኔ እከፍላለሁ የሚል፣ በጳውሎስ በራሱ እጅ የተጻፈ ቃል ይዟል። ጨዋታው ውጤቱን ይሰርዛል፤ እዚህ ግን ዕዳው ስም ተጠርቶ፣ ከፋይ ተገኝቶለት ነው የሚዘጋው። ለእኔ የመስቀሉን ነገር ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ ታሪክ ጥቂት ነው።

ወንድማችን በድሮ ስሙ ደወለ። አንድ ሽማግሌ አብረውት ሄዱ። አንዱ ባለ ገንዘብ ማረው፤ ሌላው በየወሩ ሊቀበለው ተስማማ። ሦስተኛዋ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር እናት ናት፤ በዚያ ገንዘብ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ልትከፍል ነበር። እስካሁን ስልኩን አላነሳችለትም። ድርሻዋን ለብቻ ያስቀምጥላታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ይደውላል።