ቮልስዋገን በአራዳ ዳገት

አዲስ አበባ ባሕር የላትም። ባሕር ያለው አገር ሰው የዕረፍት ቀን ባገኘ ቁጥር ወደ ወደብ ወርዶ ባለ ሸራዋን ትንሽ ጀልባውን ይፍቃል፤ ይቀባል፤ ገመዷን ይለውጣል፤ ስለ ጉዞ የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። የጣናው ባለታንኳም ቢሆን ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ እንዳይከብድና እንዳይበሰብስ፥ ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን የመሰለ ፍቅርና ትዕግሥት ያፈሰሰው በአንዲት ትንሽ መኪና ላይ ነው፤ እርስዋም ቮልስዋገን ናት፤ በቁልምጫ ስሟ ቮልስ። የእርስዋን ነገር በሚገባ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ወደ አራዳ ይውጣ።

«ይውጣ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ አራዳ የሚገባው በዳገት ነውና። ከለገሐር የተነሣ ሰው በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እያየ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ይወጣል። ከስድስት ኪሎ የሚመጣው ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ቁልቁል ወርዶ እንደ ገና ከዳገት ጋር ይጋፈጣል። ሰፈሩ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ እግረኛውም መኪናውም እዚህ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ይታወቃል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቅ ገበያ የነበረው በዚሁ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴና ሸማች የሚገናኝበት ስለ ነበረ፥ «የአራዳ ልጅ» መባል የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ የብልኅ ሰው ስም ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የምኒልክ ሐውልት በአደባባዩ ቆመ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ከተማዋን በያዙ ጊዜ ሐውልቱን አነሡ፤ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስደው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩ፤ ለአራዳም እምብርት በቋንቋቸው አደባባይ ማለት የሆነውን «ፒያሳ» የሚለውን ስም ተዉለት። ጠላት ሲወጣ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ስሙ ግን የእኛው ሆኖ ቀረ።

የቀረው ይህ አንድ ስም ብቻ አይደለም። ማንም ሰው ወደ ጋራዥ ገብቶ ጆሮውን ቢጥል፥ ጎማ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ማርሚታ፥ ኩሽኔታ፥ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በኢጣልያንኛ ካንዴላ ሻማ ነው፤ ማርሚታም ትልቅ ድስት ነው። ፍሬቻ ደግሞ ፍላጻ ማለት ነው፤ ስሙም የተገባ ነው፤ የጥንቶቹ መኪኖች፥ ከእነርሱም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቮልስዋገኖች፥ መታጠፋቸውን የሚያሳውቁት ከጐናቸው ብቅ በሚል ትንሽ የመብራት ፍላጻ ነበርና። እንግዲህ የአራዳ ልጅ የጠላቱን መፍቻ ከነስሙ ወስዶ የራሱ አድርጎታል ማለት ነው።

ቮልስዋገን ራስዋ ጀርመናዊት ናት። ንድፉን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በብዛት መሠራት የጀመረችው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1978 በጀርመን፥ በ2003 ደግሞ በሜክሲኮ ሥራዋ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በቅርጿ ምክንያት ጀርመኖቹ ጢንዚዛ ይሏታል። በእኛ አገር በደኅና ጊዜዋ የመምህሩ፥ የጸሐፊው፥ ደመወዙን ቆጥቦ መኪና ለመግዛት የሚመኘው ሰው ሁሉ ተስፋ ነበረች። በታሪካችንም የማይረሳ ቦታ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው።

ታዲያ ለአራዳ ዳገት የተስማማችው ለምንድን ነው? ሞተሯ በስተኋላ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለ ተቀመጠ፥ ክብደቱ ጎማውን ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ በርጥብ ኮብልስቶንም ሆነ በጭቃ ላይ በቀላሉ አትንሸራተትም። ሁለተኛው ምክንያት የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውኃ አለመሆኑ ነው። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ባለ ራዲያተር መኪና ዳገት ላይ ቶሎ ይፈላል፤ ቮልስ ግን የሚፈላ ውኃ የላትም። ከዚህም ሌላ ሆዷ በአንድ ወጥ ላሜራ የተከደነ ስለ ሆነ፥ ውኃ ውስጥ ብትገባ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ጀልባ ትንሳፈፋለች። ይህን ግን በክረምት ወንዝ ላይ እንዲሞክረው ለማንም አንመክርም።

ይሁን እንጂ ከፍታው ግብሩን ሳያስከፍላት አያሳልፋትም። አየሩ ሳሳ ያለ ስለ ሆነ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፤ በቆላ 34 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ ሲወጣ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡራተሩም ለባሕር ዳር አገር እንደ ተለካ ከተተወ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ማርሚታው ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ብልኅ መካኒክ ይህን ሲያይ ሞተሩን አይፈታም፤ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን በልክ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ ይለውጣታል። የአገሩን አየር ያወቀ ሰው በአንዲት ብሎን ብዙ ገንዘብ ያድናል።

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቮልስ ባለቤት የተነገረ ይመስላል። ሞተሯ የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው፤ ይኸው ጥቂት ዘይት ከማለስለስም በላይ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። በየ5,000 ኪሎ ሜትር፥ በአቧራና በዳገት የምትሠራ ከሆነም ከዚያ ቀደም ብሎ፥ መለወጥ አለበት። የወረቀት ማጣሪያ ስለሌላት ከሥር ያለችው የሽቦ ወንፊት ወጥታ ትታጠባለች። በወንፊቷ ላይ የብረት ፍርፋሪ ከተገኘ፥ ሞተሩ ስለ ሕመሙ ደብዳቤ ጽፎ ላከ ማለት ነው።

የቫልቮላው ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ነው፤ በሞቀ ሞተር የተለካ ክፍተት ያታልላል። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሊረግብ ይገባል። በመንገድ ላይ ሳለህ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ፥ «ባትሪ ነው፤ ቤት እደርሳለሁ» አትበል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያው ቆሟልና፥ በዚያች ቅጽበት ሞተሩን ያላጠፋ ሰው ሞተር ሊያቃጥል ይችላል። መለዋወጫ ቺንጋና የሚፈታበትን መፍቻ ከመኪናው ውስጥ ማጣት አይገባም።

የቮልስ ትልቁ ጠላት ግን ሞተሩ ውስጥ ያለ አይደለም፤ ዝገት ነው። ባትሪዋ የተቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለ ሆነ፥ የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የበሩ ላስቲክ ያረጀበት መኪና ውኃ ይጠጣል፤ ውኃውም በምንጣፉ ሥር ተሸሽጎ እስከ መስከረም ይቆያል። ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ ምንጣፉን ማንሣት፥ ወለሉን መፋቅ፥ የዛገውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ማስበየድ፥ ከዚያም ፀረ ዝገት መቀባት ይገባል። በዛገ ላሜራ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም የሚቀባ ሰው ቁስሉን ሳያጥብ በነጠላ እንደ ሸፈነ ሰው ነው።

ማሻሻልስ? ማሻሻል ጥሩ ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። የድሮዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ስለ ነበሩ የፊት መብራታቸው ፈዛዛ ነው፤ ዲናሞውን፥ ባትሪውንና አምፖሎቹን ለውጦ ወደ 12 ቮልት ማሳደግ ማታ ለሚነዳ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ከኋለኞቹ ሞዴሎች የተወሰደ የዲስክ ፍሬን በፊት ጎማዎች ላይ ማስገባትም ከአራዳ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ከጌጥ ሁሉ ይበልጣል። በፑንቲና ምትክ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማስገባት ደግሞ በየጊዜው መላላትንና መቃጠልን ያስቀራል።

አንዳንዱ ወጣት ግን የቆጡን ሲያወርድ የብብቱን ይጥላል። ፍሬኑን ሳያጠናክር ትልቅ ሞተር ያስገባል፤ ወይም ለመልክ ብሎ መኪናዋን ዝቅ ያደርግና ሆዷን በየጕብታው ያስፍቃታል። ከሁሉ የከፋው፥ በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ቀጫጭን ላሜራዎች «ሥራ የላቸውም» ብሎ አውጥቶ መጣል ነው። እነዚያ ላሜራዎች ቀዝቃዛውን ነፋስ ከሞቀው የሚለዩ ግድግዳዎች ናቸው፤ እነርሱ ከሌሉ ሞተሩ የገዛ ትኩሳቱን መልሶ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፤ አንድ ነገር ከማውጣትህ በፊት ለምን እንደ ገባ ጠይቅ።

ይህ ሕግ ለመኪና ብቻ የተሠራ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ወዲያው ከተማዋን በአዲስ መልክ ለመሥራት በተጀመረው ሥራ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ፤ የዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች ነዋሪዎችም ወደ ሌላ አካባቢ ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱም ደምቋል። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁና የተጨናነቁ እንደ ነበሩ የኖረባቸው ሰው አይክድም። ነገር ግን ሰፈር የግድግዳ ድምር ብቻ አይደለም። መካኒኩ፥ በያጁ፥ ላሜራ ደብዳቢው፥ ጎሚስታውና ወንበር ሰፊው በእግር መንገድ ተቀራርበው ሲኖሩ፥ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። እነርሱ በአራቱም ማዕዘን ከተበተኑ በኋላ ግን ለአንዲት ቺንጋ የአንድ ቀን መንገድ ያስፈልጋል። ቮልስ ይህን ያህል ዘመን የቆየችው ጀርመን አጠንክሮ ስለ ሠራት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቃት እጅ በቅርብ ስለ ነበረ ነው።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ጎዳናውም በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ይህ ለቮልስ የሞት አዋጅ የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን በጀርመን አገር በአውሮጳ አቆጣጠር በ2019 አሮጌ ጢንዚዛ በኤሌክትሪክ ሞተር እንድትሠራ ተደርጋ ለሕዝብ ታይታለች። ሞተሯ በጥቂት ብሎኖች ብቻ የተያዘና በቀላሉ የሚወርድ ስለ ሆነ ለዚህ ዓይነት ለውጥ የተመቸች ናት። ወለሏ በዝገት ካልተበላ፥ ከዘመኑ ጋር መሄድ አያቅታትም።

ስለዚህ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች የምንመክረው ይህን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰፈራችሁን አሮጌ መካኒክ ፈልጉ፤ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ክፍተቱን በስንት እንደሚለካ፥ የሞተሩን ሕመም በድምፁ እንዴት እንደሚለይ፥ የትኛዋን ብሎን ለምን እንደሚለውጥ ጠይቃችሁ ጻፉ። ይህ ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የፈረሰ ቤት በሌላ ቤት ይተካል፤ ያልተጻፈ ሞያ ግን ከባለሞያው ጋር ይቀበራል። «ካረጁ አይበጁ» የሚለውም ተረት ለማይጠግን ሰው የተነገረ ነው።