እሱ ነው

እማዬ አስሟ የሚብስባት በጥር ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናትና የሌሊቱ ውርጭና የኩበቱ ጭስ ተጋግዘው ደረቷን ይይዙታል። ያን ጊዜ ፓፏን ነቅነቅ አድርጋ ሁለቴ ትስባለች፤ ብዙም ሳይቆይ ያቋረጠችውን ወሬ ትቀጥላለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ፓፉ ውስጥ ያለውን ሳልቡታሞል እንደ ቤተሰብ ነበር የማምነው።

የዚያን ጥር ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ሊማሊሞን ወርደን ድብ ባሕር ገባን። አሮጌው ፓፍ ስላለቀ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን አዲስ ገዝቼ ይዤ ነበር። ዳሱ ጭስ በጭስ ሆኖ አመሸና ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። አዲሱን ከካርቶኑ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ሁለቴ ሳበች። ወዲያው ሳል ያዛት፤ ቀጥሎ ትንፋሿ እጥር አለ። አልገባላት ይሆናል ብዬ ደግሜ ወደ አፏ ሳስጠጋው እጄን ገፋችው።

«ተው... ልጄ... እሱ ነው።»

አላመንኋትም። የሚያድን ነገር እንዴት ያፍናል? «ሳቢ እንጂ እማዬ!» ብዬ ጫንሁላት። ከንፈሯ በፋኖሱ ብርሃን ሲጠቁር አየሁ። ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልሁም።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከማዕድ ተነሥቶ ቁልፉን አነሣ። ጣሊያን የቆረጠውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ በጨለማ ወጣነው። ጋቢናው ውስጥ ደረቴ ላይ ተደግፋ በተነፈሰች ቁጥር የአንገቷ ሥር ይሰረጉዳል። በየመታጠፊያው ትንፋሿን እቆጥር ነበር፤ መንገዱን አላየሁትም።

ደባርቅ ሆስፒታል ተረኛው የጤና መኮንን ኦክስጅን ሰካላት፤ አድሬናሊንና ሃይድሮኮርቲዞን ተሰጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ወስደው ነበር?» አለኝ። ፓፉን አሳየሁት።

«መቼ ተከፈተ?»

«ዛሬ ማታ።»

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር መሆኑን ነገረኝ። የአየር ቧንቧን ሊከፍት የተሠራው መድኃኒት በተሳበ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠበዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚታየው አዲስ ፓፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳብ ነው። መድኃኒቱን የሚገፋው ጋዝ ወይም አብሮት የተቀላቀለ ሌላ ነገር ሊያስቆጣ ይችላል። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከውን ቢጫ ቅጽ አውጥቶ፣ ፓፉ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ሲገለብጥ በስልኬ አበራሁለት። እሷ ምን እንዳለች ሲጠይቀኝ «እሱ ነው ብላኝ ነበር» አልሁ። ያንንም ጻፈው።

ሲነጋ ካርቶኑን ከኪሴ አገኘሁት። ውስጡ እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት አለ፤ ከሳቡ በኋላ ትንፋሽዎ ከባሰ ወዲያው ያቁሙ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ይላል፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል።

ኋላ የጤና መኮንኑ አጠገቧ ቆሞ፣ ሌላ ዓይነት ፓፍ በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ አሳባትና ደረቷን ደጋግሞ አዳመጠ። ተስማማት። የማይስማማትን ፓፍ ካርዷ ላይ በቀይ ጻፈው። እማዬ ማንበብ አትችልም። መድኃኒት ቤት በሄድን ቁጥር ግን ካርዱን ከመቀነቷ ፈትታ ቀዩን መስመር በጣቷ ታሳያለች፤ ሻጩ አንብቦ እስኪጨርስም ጣቷን አታነሣም።