ፈጣኑ ማን ነው? ከፋዩስ?

በፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ የሚሰለፉት መኪኖች ለዓመታት 20 ብቻ ነበሩ። አስር ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሹፌር። እ.ኤ.አ. በ2026 አስራ አንደኛ ቡድን ሲጨመር 22 ሆኑ። በመላው ዓለም በዚህ ሥራ ላይ ያለው ሰው ቁጥር ይኸው ነው። አንድ የከተማ አውቶቡስ እንኳ በወጉ አይሞላም።

ታዲያ ብዙ ተመልካች እነዚህ ሰዎች ከስምንት ቢሊዮን ሕዝብ መካከል ተጣርተው የወጡ ፈጣን ሹፌሮች ይመስሉታል። ፈጣን መሆናቸው አያጠራጥርም። ማጣሪያው ግን የተጀመረው ከስምንት ቢሊዮን አይደለም። የተጀመረው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚከፍልላቸው ሰው ካገኙ ጥቂት ሺህ ልጆች ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ጎ-ካርት በምትባለው፣ ጣሪያም በርም በሌላት ትንሽ መኪና ይጀምራል። 15 ዓመት ገደማ ላይ ፎርሙላ 4 ይገባል፤ ከዚያ ፎርሙላ 3፣ ከዚያ ፎርሙላ 2። መጨረሻ ላይ «ሱፐር ላይሰንስ» የሚባል ፈቃድ አለ። ይህን ለማግኘት በመደበኛው አሠራር 18 ዓመት መሙላትና በሦስት የውድድር ዘመን ውስጥ 40 ነጥብ ማጠራቀም ይጠይቃል። ሕጉ እንዲህ የጠበቀው የቀድሞ የፎርሙላ ዋን ሹፌር ልጅ የሆነው ማክስ ቬርስታፐን በ2015 ገና በ17 ዓመቱ፣ የመንገድ መንጃ ፈቃድ እንኳ ሳይኖረው መወዳደር ከጀመረ በኋላ ነው።

ሲያዩት ትምህርት ቤት ይመስላል፤ ክፍል እያለፉ መሄድ። ችግሩ የየክፍሉ ክፍያ ነው። ሯጭ እግርና መንገድ ካለው ልምምድ ይጀምራል። በመኪና ውድድር ግን ጎማ ያልቃል፣ ሞተር ይታደሳል፣ መካኒክ ይከፈለዋል፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ከአገር አገር መጓጓዝ አለ። ፎርሙላ 2 ሲደረስ ወጪው ለአንድ ዓመት ብቻ በሚሊዮን ዩሮ ይቆጠራል። በነዚህ ደረጃዎች በአብዛኛው ቡድኑ ለሹፌሩ ደመወዝ አይከፍልም፤ ሹፌሩ ነው ለቡድኑ የሚከፍለው።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኒኪ ላውዳ የገባው በብድር ነው። የቪየና ሀብታም ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ውድድሩን አልወደደለትም። ባንክ ሄዶ ሲበደር አያቱ ባንኩ ውስጥ በነበራቸው ሥልጣን ብድሩን አስቆሙበት። ሌላ ባንክ ሄደ። መያዣው የሕይወት መድን ነበር። ወጣቱ ቢሞት ባንኩ ገንዘቡን ያገኛል ማለት ነው።

በዚያ ገንዘብ የገዛው የ1972 ወንበር አንድ ነጥብ እንኳ አላስገኘለትም። ዕዳው እላዩ ላይ ነው፤ ቢያቆም የሚከፍልበት ሌላ ሙያ የለውም። እንደገና ተበድሮ በ1973 ሌላ ቡድን ገባ። እዚያ ፍጥነቱን ያየው ፌራሪ በ1974 ወሰደው፤ በ1975 ሻምፒዮን ሆነ። በ1976 ኑርበርግሪንግ ላይ መኪናው ውስጥ ተቃጥሎ ሆስፒታል ሲተኛ ቄስ መጥቶ የመጨረሻ ጸሎት አድርጎለት ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሞንዛ ላይ ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። ጀግንነቱን የሚክድ የለም። ግን ደግሞ ላውዳ የሚለው ስም ለቪየና ባንኮች እንግዳ ስም አልነበረም።

ስም የሌለውስ ልጅ?

ሉዊስ ሃሚልተን በ1985 ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ስቲቭኔጅ ተወለደ። የአባቱ የአንቶኒ ወላጆች ከካሪቢያኗ ግሬናዳ የመጡ ስደተኞች ናቸው። አንቶኒ ለልጁ ያገለገለ ጎ-ካርት ገዛለት፤ ትምህርቱን እንዳያቋርጥም ቃል አስገባው። ወጪውን ለመሸፈን በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሥራ እየደራረበ ሠራ። ልጁ በ10 ዓመቱ የብሪታንያ የታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነ። በሽልማቱ ምሽት የማክላረኑን አለቃ ሮን ዴኒስን አግኝቶ አንድ ቀን ለእሱ ቡድን መንዳት እንደሚፈልግ ነገረው። ዴኒስ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እንዲደውልለት ጻፈለት። ዘጠኝ ዓመት አልተጠበቀም። በ1998፣ ልጁ 13 ዓመቱ ላይ ሳለ፣ ማክላረን አስፈረመው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። በ2007 ፎርሙላ ዋን ገባ፤ በስፖርቱ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር ሆነ። በ2008 በመጨረሻው ውድድር፣ በመጨረሻው ዙር፣ በአንድ ነጥብ ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። በ2012 ወደ መርሴዲስ እንዲሄድ ካግባቡት ሰዎች አንዱ ያው ባለ ብድሩ ላውዳ ነበር። እዚያ ስድስት ዋንጫ ጨምሮ ከሚካኤል ሹማከር ጋር በሰባት እኩል ሆነ።

ይህ ታሪክ በየማኅበራዊ ሚዲያው «ከጣርክ ትደርሳለህ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይዞራል። ግን ዓመታቱን መቁጠር ይበቃል። ከስምንት እስከ 13 ዓመቱ የከፈለው አባቱ ነው። ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ፎርሙላ ዋን እስኪገባ፣ እጅግ ውድ የሆኑትን ዘጠኝ ዓመታት የደገፈው አንድ ትልቅ ድርጅት ነው። የአባትየው ላብ ልጁን በሩ ድረስ አደረሰው። በሩን የከፈተው ግን ከውስጥ ያለ ሰው ነው። በዚያው ዘመን ስንት አባት እንዲሁ ሥራ ደራርቦ ሠርቶ፣ ማንም ሳይደውልለት ጎ-ካርቱን ሸጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ? የእነዚያን ልጆች ስም የሚጠራ የለም፤ ጽሑፍም አይዞርላቸውም።

በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላም አይታመንም። የፈረንሳዊው ኤስቴባን ኦኮን ወላጆች ልጃቸው እንዲወዳደር ቤታቸውን ሸጠው በተሽከርካሪ ቤት ውስጥ ኖረዋል። ልጁ ደረሰ፤ ፎርሴ ኢንዲያ የተባለ ቡድን ውስጥ ገባ። በ2018 ቡድኑ ከሰረና በካናዳዊው ቢሊየነር በላውረንስ ስትሮል የሚመሩ ባለሀብቶች ገዙት። በ2019 የኦኮን ወንበር ላይ የተቀመጠው የገዢው ልጅ ላንስ ነበር። ለእውነት ያህል፣ ላንስ መንዳት የማይችል ልጅ አይደለም፤ በ2016 የአውሮፓ ፎርሙላ 3 ሻምፒዮን ነበር። ግዢው የብዙ መቶ ሠራተኞችን እንጀራ አድኗል። ቢሆንም አንዱ ቤተሰብ ቤቱን ሸጦ ያገኘውን ወንበር ሌላው ቡድኑን ገዝቶ ወሰደው። ኦኮን ያን ዓመት ዳር ቆሞ ተመለከተ። በ2020 ተመልሶ በ2021 ሃንጋሪ ላይ ያሸነፈው መርሴዲስ ይዞ ስላቆየው ነው። እሱንም ያተረፈው ከውስጥ ያለ ሰው ነው።

«የግል ስፖርት ነው፤ ገንዘብ ያለው ቢጫወት ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። ክፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው ልጁ ላይ ያርፋል። የወላጆቹ ቤት ለእሱ ጎማ መሸጡን የሚያውቅ የአስር ዓመት ልጅ «ደከመኝ፣ ልተው» ማለት አይችልም። ጨዋታው ያለቀው ያኔ ነው። ሁለተኛው ስፖርቱ ላይ ነው። «የዓለም ምርጥ» ብሎ የሚሸልመው ያልተፈተኑትን ሳይቆጥር ነው። ሃሚልተን ከብሪታንያ የምህንድስና አካዳሚ ጋር ያቋቋመው ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በፎርሙላ ዋን ከሚሠሩት መካከል ጥቁሮች 1 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የተዘጋው በር የሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ የመሐንዲሱም የመካኒኩም ነው።

ትልልቅ ቡድኖች ዛሬ የታዳጊ አካዳሚ አላቸው፤ መልካም ነው። ነገር ግን የሚመርጡት ከውድድር ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ ለመታየት ደግሞ አስቀድሞ መክፈል ያስፈልጋል። እርዳታው የሚመጣው ድሃው ልጅ ከሄደ በኋላ ነው። ነገሩ የምር ከሆነ ገንዘቡ መግባት ያለበት ከታች ነው፤ የስምንት ዓመቱ ልጅ እኩል ሞተርና እኩል ጎማ ተሰጥቶት፣ አባቱ ሳይከፍል የሚነዳበት ቦታ።

ሃሚልተን ራሱ ስፖርቱ የቢሊየነሮች ልጆች ክበብ እየሆነ ነው ብሎ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ዛሬ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተነስቶ ቢጀምር እዚህ እንደማይደርስም ጭምር። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ስለ ራሱ መንገድ እንዲህ ሲል፣ መንገዱን ለልጆች እንደ ምሳሌ የሚሰብክ ሁሉ ቢያንስ ቆም ብሎ ሊያዳምጠው ይገባል።