ስምንቱ ኩንታል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ የእንጦጦን ተራራ ካለፈ በኋላ ሱሉልታ ይደርሳል። የሱሉልታ ሜዳ ሰፊ፥ ነፋሱ ብርቱ፥ ሌሊቱም እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ወደ አምቦ የሚሄድ ቡራዩን፥ ወደ ጅማ የሚሄድም ሰበታን ያገኛል። እነዚህ ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከበዋት ይኖራሉ፤ በ2015 ዓመተ ምሕረትም ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። በሦስቱም አገር ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመታት፥ አዲስ አበባን ማገዶ ባጠራት ጊዜ የገባ ነው፤ ጥንተ አገሩም አውስትራልያ ነው። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ለቤት ማገር ይሆናል፤ ይነድዳል፤ ከሰልም ይወጣዋል።

በሱሉልታ አንድ ገበሬ ነበረ። ጎረቤቶቹ ስለ ጥንቃቄው ያከብሩት፥ ስለ ቍጣው ግን ይፈሩት ነበር። ከቤቱ በስተ ኋላ አባቱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበረው። ይህንንም አስቈርጦ ሦስት ወር በፀሓይ አደረቀው፤ ከዚያም ከእህል ነጋዴ ሚዛን ተውሶ እንጨቱን ሁሉ አስመዘነ፤ 10 ኩንታል ሆነ። ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ በሣጥን ቈለፈበት። ከዚያ በኋላ ከሰል ማክሰል የሚያውቅ አንድ ድኻ ሰው ከሰበታ አስመጣ። ከሰሉ በቡራዩ ገበያ ሲሸጥ ከዋጋው ሲሶውን ሊሰጠው ተዋዋሉ።

አክሳዩ ሥራውን ዐዋቂ ነበረ። እንጨቱን ከመረ፤ በሣር ሸፈነ፤ በሣሩም ላይ ዐፈር መለሰበት፤ ለጢሱ መውጫና ለነፋሱ መግቢያ ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ተወ። ነፋስ የበዛ እንደ ሆነ እንጨቱ ሁሉ ነድዶ ዐመድ ይሆናል፤ ነፋስ ፈጽሞ ያጣ እንደ ሆነም እሳቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ አክሳይ እንደ እረኛ ሲጠብቅ ያድራል። ይህም ሰው ስድስት ቀንና ስድስት ሌሊት ከክምሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጢሱ በመጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነበረ፤ ኋላ ግን ቀጠነ፥ ሰማያዊም መሰለ። በዚያን ጊዜ ቀዳዳውን ሁሉ በዐፈር ደፈነ፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ክምሩን ገልጦ ከሰሉን በጆንያ ሞላ።

ገበሬው ያንኑ ሚዛን አስመጥቶ መዘነ። ሁለት ኩንታል ብቻ ሆነ።

«ዐሥር ኩንታል አስረክቤህ ሁለት ትመልስልኛለህን? ስምንቱ ኩንታል የት ገባ?» አለው።

«ጋሼ፥ እሳት በላው እንጂ እኔ አልወሰድኩም። ከሰል ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ አክሳዩ።

«እሳት ሆድ የለው! ስምንት ኩንታል በልቶ ወዴት አስቀመጠው? በሌሊት በአህያ ጭነህ ወደ ቡራዩ ሰደኸዋል» ብሎ ተቈጣ፤ ሲሶውንም ከለከለው።

የሰበታው ሰው አራት ልጆች ነበሩት፤ ያን ገንዘብም ይጠብቁ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ሌባ መባሉ አቃጠለው፤ አክሳይ አንድ ጊዜ ሌባ ከተባለ በሦስቱም አገር እንጨቱን አምኖ የሚሰጠው የለምና። ስለዚህ ሽማግሎችን ለመነ፤ እነርሱም በጽድ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ልጆች ሆይ፥ ገበሬው ቍጡ ነበረ እንጂ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ክብደት ያለው ነገር እንዲያው ከምድር አይጠፋም ብሎ ማሰቡ ትክክል ነው፤ «እሳት በላው» የሚለው ቃል ግን ምንም አይገልጥም። ገበሬው የሳተው ሌባውን ሳይመረምር በመምረጡ ነው።

ከሽማግሎቹ አንዳንዶቹ አክሳዩ ይማል አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሽማግሌ ግን «መሐላ ከባድ ነው፤ ሌላ መንገድ ካለ አስቀድመን እንይ» አለ። የገበሬው ልጅ በትምህርት ቤት ትማር ነበርና ውሃ ልታቀርብ በመጣች ጊዜ ይህን ሰማች። ወደ ሽማግሌውም ጠጋ ብላ «አባባ ሽማግሌ፥ መምህራችን የሚቃጠል ነገር ወዴት እንደሚሄድ በሚዛን ያሳያል» አለችው። አባቷ በዐይኑ ገሠጻት፤ ሽማግሌው ግን መምህሩን አስጠራው።

መምህሩ አንጥረኛ ወርቅ የሚመዝንበትን ትንሽ ሚዛን፥ አንድ የብርጭቆ ጠርሙስ፥ ቡሽና ክብሪት ይዞ መጣ። አስቀድሞ አንድ ቍራጭ ወረቀት መዝኖ አቃጠለና ዐመዱን መልሶ መዘነ፤ ዐመዱ ከወረቀቱ እጅግ ቀለለ። ገበሬውም «እነሆ፥ እንዳልሁት ጐደለ» አለ። መምህሩ አልመለሰለትም። ቀጥሎ የ20 ክብሪት ራስ ቈርጦ በጠርሙሱ ውስጥ ጨመረ፤ አፉን በቡሽ አጥብቆ ደፈነና መዘነው። ከዚያም በማጉያ መስተዋት የፀሓይን ጨረር ሰብስቦ በክብሪቶቹ ራስ ላይ አሳረፈ። ወዲያው ነደዱ፤ ጠርሙሱም ጢስ ሞላ። (ይህን ሥራ ልጅ ብቻውን ሊሞክረው አይገባም፤ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላልና።) እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፥ ቡሹን ሳይከፍት፥ እንደ ገና መዘነው። ሚዛኑ ወዲህም ወዲያም አላለም።

ቀጥሎ ቡሹን ነቀለ፤ ጢሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ መዘነ። አሁን ጠርሙሱ ያለበት ወገን ጥቂት ከፍ አለ።

«እንግዲህ ጢስም ይመዘናል ማለት ነው» አለ ሽማግሌው።

«ይመዘናል፥ አባቴ። ወረቀቱ ሲቃጠል በር አልዘጋንበትምና ክፍሉ ሄደ፤ በጠርሙሱ ግን ስለ ዘጋንበት አልሄደም» አለ መምህሩ።

ይህን ነገር በሚዛን አጥብቆ የመረመረ አንቷን ላቯዝዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1743 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፓሪስ ተወለደ። እንጀራው የንጉሥ ግብር ማስገባት ነበረ፤ የገባውንና የወጣውን የመቍጠር ልማድ ምናልባት ከዚያ ተጣብቆበት ይሆናል። በ1774 ቆርቆሮን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጨምሮ፥ አየር እንዳይገባና እንዳይወጣ አፉን ደፍኖ በእሳት አጋለው። ከቆርቆሮው ከፊሉ ወደ ዱቄት ተለወጠ፤ የዕቃው ሁሉ ሚዛን ግን እንደ ነበረ ሆነ። ዕቃውን በከፈተ ጊዜ አየር እያፏጨ ገባ፤ ክብደቱም ያን ጊዜ ጨመረ። ቆርቆሮው በዕቃው ውስጥ ከታሰረው አየር ከፊሉን ወስዶ ኖሯልና፥ ባዶ የቀረውን ስፍራ የውጪ አየር ሞላው። ከአየር የሚወሰደውን ያን ክፍል ዛሬ ኦክሲጅን እንለዋለን። ላቯዝዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አንድ ነገር ወደ ሌላ ሲለወጥ ከለውጡ በፊት የነበረው ሁሉና ከለውጡ በኋላ ያለው ሁሉ በሚዛን ትክክል መሆኑን አስተማረ። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላም፥ በ1794፥ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከሌሎች ግብር አስገቢዎች ጋራ አንገቱን ተቀላ።

መምህሩ ወደ ገበሬው ዘወር ብሎ የእንጨቱን ሒሳብ አስረዳው። እንጨት በፀሓይ ቢደርቅም በውስጡ ውሃ ይቀራል፤ ከ10 ኩንታል ውስጥ አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የታየው ነጭ ጢስ አብዛኛው የዚህ ውሃ እንፋሎት ነው። ከእንጨቱም ባሕርይ የሚወጣ ሌላ ውሃ፥ ዝፍት፥ ዐይን የሚያስለቅስ እንፋሎትና ልዩ ልዩ ጋዝ አለ፤ እነዚህ ሁሉ በቀዳዳው ወጥተዋል። ደግሞም ክምሩን ለማጋል ከእንጨቱ ከፊሉ ከአየር ኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ ነድዷል። በአገር ልማድ በዐፈር ተሸፍኖ የሚከስል እንጨት ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰ ከሰል ይሰጣል።

«ስለዚህ 10 ኩንታል እንጨት 2 ኩንታል ከሰል ከሰጠህ ሰውዬው ሥራውን በደኅና ሠርቷል። በቀዳዳው የወጣውም ጢስ ሁሉ ቢመዘን ኖሮ ከስምንት ኩንታል ይበልጥ ነበር እንጂ አያንስም፤ ከአየር የተወሰደው ተጨምሮበታልና» አለው።

ገበሬው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ መሬት መሬት ተመለከተ። በመጨረሻም «እንግዲያስ ሌባው ነፋስ ነው፤ ከነፋስ ጋራ ደግሞ በሽማግሌ አልካሰስም» አለ። ሽማግሎቹ ሣቁ። ተነሥቶም የአክሳዩን ትከሻ ሳመ፤ በሰው ፊት ሌባ ስላለው በሰው ፊት ይቅርታ ለመነው፤ ሲሶውንም ከሰሉ ሳይሸጥ ከራሱ ገንዘብ አስቀድሞ ሰጠው።

ልጅቱ ግን ገና አልጠገበችም። በነጋታው በትምህርት ቤት እጅዋን አነሣችና «ዛፉ ዐሥር ኩንታል ከሆነ፥ ይህን ሁሉ ከመሬት የወሰደ እንደ ሆነ፥ በሥሩ ለምን ጕድጓድ አልሆነም?» ብላ ጠየቀች።

ይህን ከእርስዋ አስቀድሞ ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሰው ጠይቆ ነበር። 200 ፓውንድ ደረቅ ዐፈር በትልቅ ማሰሮ አድርጎ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ አምስት ዓመትም ውሃ ብቻ አጠጣት። አኻያዋ 169 ፓውንድ ሆነች፤ ከዐፈሩ ግን የጐደለው 2 ወቄት ያህል ብቻ ነበረ። ይህ ነገር እርሱ ከሞተ በኋላ በ1648 ታትሞ ወጣ። ቫን ሄልሞንት ዛፍ ከውሃ ብቻ ይሠራል ብሎ ደመደመ፤ ሚዛኑ እውነተኛ ነበረ፥ ድምዳሜው ግን ግማሽ ብቻ ነበረ፤ አየሩን አልመዘነምና። ዛፍ በቅጠሉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይወስዳል፤ ከውሃ ጋራም በፀሓይ ብርሃን አዋሕዶ ግንድና ቅርንጫፍ ያደርገዋል። ከሱሉልታ ክምር የወጣው ጋዝ ከነፋስ ጋራ ሄዶ ምናልባት በእንጦጦ ላይ ያለ ሌላ ባሕር ዛፍ ገብቶ ይሆናል።

መምህሩ በዚያ ቀን ሌላም ቍጥር በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። 12 ኪሎ ካርቦን በደኅና ሲነድ 32 ኪሎ ኦክሲጅን ከአየር ይወስድና 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ያጠረው እንደ ሆነ ግን 16 ኪሎ ብቻ ወስዶ 28 ኪሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ጋዝ ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም፤ ሰው ሲተነፍሰው በደሙ ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፥ ጕልበት ይከዳል፤ እንቅልፍ ይመጣል፤ ከዚያም እንቅልፍ የማይነቃ ሰው ብዙ ነው። ልጅቱ ቍጥሩን በደብተርዋ ጻፈች።

ገበሬው ከሰሉን ወደ ቡራዩ ሲሰድ አንድ ጆንያ ለቤቱ አስቀርቶ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነበረና ሌሊቱ ውርጭ ሆነ። አሮጊት እናቱ በብርድ ሲንቀጠቀጡ አይቶ ሁለት ኪሎ ያህል ከሰል በምድጃ አቀጣጠለ፤ ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ከጠፋ በኋላም ምድጃውን ወደ ቤት አስገባ። በሩን ዘጋ፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈነ። እናቱም እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

ልጅቱ «አባባ፥ ምድጃው ይውጣ» አለች።

«ለምን? ጢስ የለውም፤ ጥሩ ፍም ነው።»

«ነገ ጧት በምድጃው ውስጥ ምን እናገኛለን?»

«አንድ እፍኝ ዐመድ ነዋ።»

«ሁለት ኪሎ ነው ያገባኸው። የቀረው የት ይገባል?»

ገበሬው ሊመልስ አፉን ከፈተና ዝም አለ። ወደ ተደፈነው መስኮት፥ ወደ ተዘጋው በር፥ ከመደብ ላይ ወደ ተኙት ሁለት ሕፃናት ተመለከተ። በክምሩ ላይ የነበረው ቀዳዳ በዚህ ቤት የለም። ሁለቱ ኪሎ፥ ከአየር ከሚወስደው ጋራ ከአምስት ኪሎ የሚበልጥ ጋዝ ሆኖ፥ ከእነርሱ ጋራ ሊያድር ነው። ጨርቁን ከመስኮቱ ሳበው፤ በሩን ከፈተ፤ ምድጃውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ግቢ አወጣው።

እናቱም «ልጄ፥ በብርድ ልትገድለኝ ነውን?» ብለው አጕረመረሙ። ገበሬው ጋቢውን ከላዩ አውልቆ ደረበላቸው፤ ልጅቱም ከአያትዋ ጐን ገብታ ተኛች። ፍሙ በግቢው ውስጥ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ሲያበራ ቈየ።