ማግነም ስለ ተባለው ሽጉጥና ስለ ሰብሳቢዎቹ

«ማግነም» በላቲን ቋንቋ «ታላቅ» ማለት ነው። ስሙ አስቀድሞ ለትልቅ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ይሰጥ ነበር፤ ኋላ ግን ኃይለኛ ለሆነ ጥይት ተሰጠ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በአሜሪካ አገር፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ 357 ማግነም የሚባለውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አወጣ። የጥይቱም ቀለህ ከቀድሞው 38 ስፔሻል አንድ ስምንተኛ ኢንች ያህል እንዲረዝም ተደረገ፤ ይኸውም ኃይለኛው ጥይት በደካማ ሽጉጥ ገብቶ ተኳሹን እንዳይጎዳ ነው።

ዋጋው 60 ዶላር ነበር። ገዢው የአፈሙዙን ርዝመት ከ3 ኢንች ተኩል ጀምሮ እንደ ወደደ ያዝዛል፤ ስሙንም አስመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ኋላ ጄኔራል የሆነው ጆርጅ ፓተን በዚያው ዓመት አንዱን ገዝቶ፣ በዝሆን ጥርስ እጀታው ላይ የስሙን ፊደላት አስቀረጸ። እንዲህ ያሉት ከ5,000 በላይ ከተሠሩ በኋላ ምዝገባው ቀረ።

ሰብሳቢዎች ዛሬ አጥብቀው የሚሹት እነዚህን የተመዘገቡትን ነው። ተኳሽ ሽጉጥን የሚመዝነው በመተኮሱ ሲሆን፣ ሰብሳቢ ግን ባለመተኮሱ ይመዝነዋል። ቀለሙ ያልለቀቀ፣ ሣጥኑ ያልጠፋ፣ ወረቀቱ ያልተለየው እጅግ ይከብራል፤ በተሽከርካሪው የጥይት ቤት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት እንኳ ዋጋውን ትቀንሳለች።

በወረቀቱ ላይ ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ግን አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። ፓተንም በ1945 ዐረፈ፤ ፊደላቱ ከነሽጉጡ ቀሩ። እንግዲህ የወረቀቱ ሰም «ይህ ሽጉጥ የእገሌ ነው» ይላል፤ ወርቁ ግን «እገሌ ለዚህ ሽጉጥ ካለፉት ጠባቂዎች አንዱ ነበረ» የሚል ነው። ሰውየው ብረትን የሰበሰበ ሲመስለው፣ ብረቱ የሰዎችን ስም ይሰበስባል።

ይህም የእጅን ጥበብ ማድነቅና መጠበቅ ነውር ነው ለማለት አይደለም። ሆኖም ሥዕል ወይም የብራና መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው የሚያስቀምጠው ነገር ማንንም አይገድልም፤ ሽጉጥ ግን ሰማንያ ዓመት በመስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ሥራውን አይረሳም። ስለዚህ አስተዋይ ሰብሳቢ ብረቱን ቆልፎ፣ ጥይቱን ለይቶ ያኖራል፤ ማን በሕግ እንደሚረከበውም በሕይወት ሳለ ይወስናል። ይህን ሳያደርግ የሞተ ሰው፣ መሳቢያውን ለሚከፍት ልጅ ያወረሰው ሀብት ይሁን መከራ አይታወቅም። ታላቅነቱም በብረቱ ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ በጠባቂው ጥንቃቄ ይታወቃል።